ቧንቧ ሠሪ የማይጠራበት ቤተሰብ

አያቴ አባባ ካረፉ ወዲህ ዘመዶቼ ስለ ደግነታቸው ማውራት ጀምረዋል። «ለቤተሰቡ ኖረው ያለፉ ሰው» ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ስለ አያቴ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጠረን ነው፤ የበሰበሰ ዘይት፣ የሳሙና ዝቃጭና የሰው ፀጉር አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ። የፍሳሽ ቱቦ ሲዘጋ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዱ ነበር፤ ያውም ባዶ እጃቸውን። ጓንት ስንሰጣቸው ጣት በጓንት ውስጥ አያይም ብለው ይመልሱልናል። ያወጡትን ደግሞ ወዲያው አይጥሉትም። ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ያገላብጡታል፣ ጠጋ ብለው ያሸቱታል፣ ከዚያ የቤቱን ባለቤት ጠርተው የድስቱን እጣቢ ሳታጠልሉ ነው የምትደፉት ብለው ይቆጣሉ። እኔ አፌን ይዤ ወደ ውጭ እሮጣለሁ።

ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የልጆቻቸው ቤት ሁለተኛ ፋብሪካ ሆነላቸው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍንገው ያደርቁታል። የታላቋ አክስቴ ፍሪጅ የሚዘጋው አባባ ከአሮጌ ቀበቶ በሠሩለት ማሰሪያ ነው። ሲያዩት ያስጠላል፣ ግን ይዘጋል።

ቤተሰባችን ውስጥ ሌላ ሠራተኛ አይጠራም። መጥራት አባባን መናቅ ነው። አንዴ ይህችው አክስቴ ጨንቋት ቧንቧ ሠሪ አስገባች። አባባ ሲሰሙ አልተቆጡም። የመሣሪያ ሣጥናቸውን አልጋ ሥር ከተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ እህል የሚባል ነገር እምቢ አሉ። አክስቴ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ ደህናውን የመታጠቢያ ቤቷን ቧንቧ ሆን ብላ አላልታ፣ እሱን ካስጠገነቻቸው በኋላ ነው የተነሡት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሞከረም።

ታዲያ አንድ ጊዜ የዛገ ቆርቆሮ ቀኝ እጃቸውን ቆረጣቸው። ስኳር ስላለባቸው ቁስሉ አልድን አለ፣ አመረቀዘ። ሐኪሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆሻሻ ውሃ እንዳይነካው፣ ከነካው ግን እጃቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ጠዋት ጠዋት ቁስሉን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። መግሉን ትንፋሼን ውጬ ነበር የምጠርገው። አባባ ፊቴን እያዩ ከፍሳሹ ይሻላል ብለው ይስቁብኛል። እኔን አያስቀኝም ነበር።

የአጎቴ ሽንት ቤት የተዘጋው በዚህ መሃል ነው። አጎቴ የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ሱፍ ለባሽ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው። የዚያን ዕለት አለቃው ከነሚስቱ እራት ሊመጣ ነበር። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የእጃቸውን ነገር እያወቀ እንዴት እንደሚደውል ጠየቅሁት፤ ለዛሬ እንኳ ቧንቧ ሠሪ እንዲጠራ ለመንኩት።

«መጥራቱ መች አቃተኝ» አለኝ። «እሳቸው ይከፋቸዋል ብዬ ነው እንጂ።»

ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ዞር ስል አባባ ሣጥናቸውን አንሥተው ቆመዋል።

«በሞቴ አባባ፣ ዛሬ ይቅርብዎት» አልኳቸው።

«ልጄ በእንግዳ ፊት ይዋረድ?» አሉኝ።

እምቢ ሲሉኝ ፋሻው ላይ ፌስታል አጥልቄ በላስቲክ አሰርኩላቸውና ተከተልኳቸው። ስንደርስ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። አጎቴ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል፤ የገዛ ቤቱን ጉድ ይጸየፋል። አባባ መጀመሪያ በሽቦ ሞከሩ። አልሆነም። በግራ እጃቸው ሞከሩ፣ አሁንም አልሆነም። እኔ ልሞክር ብዬ ብጠጋ በክርናቸው ገፉኝ። ከዚያ ፌስታሉን በጥርሳቸው ቀደዱት፣ ፋሻውን ፈቱትና ቀኝ እጃቸውን ከነቁስሉ ሰደዱት። አጎቴን አየሁት። መሐረቡን ከአፍንጫው አንሥቶ አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ እሱ ሰዓቱን አየ።

የወጣው የአጎቴ ሕፃን ልጅ ዳይፐር ነበር፣ አብጦ ጭንቅላት አክሏል። ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወረደ። አጎቴ ዕድሜ ይስጥልኝ አላቸውና ሳሎኑ እንዳይሸት በጓሮ በር ሸኘን። አባታቸውን በጓሮ በር የሚያስወጡ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዛሬ ደግነታቸውን የሚያወሩልኝ።

ሳምንት አልቆየም፣ እጃቸው ጠቆረ። ሆስፒታል ገብተው ከአንጓው በላይ ተቆረጠ።

ከማደንዘዣው ሲነቁ ቤተሰቡ አልጋውን ከቦ ያለቅስ ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚያለቅሰው አጎቴ ነው። አባባ ዓይናቸውን ገልጠው እሱን ፈለጉ።

«ውሃው ይወርዳል?» አሉት።

«ይወርዳል አባባ» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። ከዚያ «የወጥ ቤቱ ብቻ ትንሽ ዘገም ይላል» ብሎ ጨመረበት።

የአባባ ፊት በራ። ቀና ሊሉ በሌለው እጃቸው ሊደገፉ ሲሞክሩ ወደ ጎን ተንሸራተቱ፤ አፈፍ አድርጌ ያዝኳቸው።

«ግራው አለ አይደል» አሉት።

አጎቴን ተጸየፍኩት። አባባንም፣ እንዳይወድቁ ደረቴ ላይ አጥብቄ እንደያዝኳቸው፣ ተጸየፍኳቸው።