ስለ ጅራታም ኮከቡ የዋሸሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ዋሽቻለሁ፤ ያውም በማውቀው ነገር።

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ጅራታም ኮከብ የታየበት ዓመት ነው። ገበሬው ከየቤቱ ተነስቶ አዲስ መንደር ይስፈር ተባለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን አንነሳም አሉ። የተመረጠላቸው ቦታ ወባ የማይጠፋበት የወንዝ ዳር ነበር።

ሰፈራውን የሚያስፈጽመው ካድሬ ጠራኝ። ከዓመት በፊት ታስሬ መፈታቴን ያውቃል።

«ኮከቡን ፈርተውታል። የጭራው ጋዝ ከፍ ያለውን ዳገት ይመርዛል በላቸው። አንተን ያምኑሃል፤ ፋይልህ ደግሞ እኔ ጋ ነው» አለኝ።

ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ አውቅ ነበር። ከኮከቡ የሚተነው ጋዝ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኑን ያጣና የኤሌክትሪክ ሙል፣ ቻርጅ የሚባለውን፣ ይይዛል፤ ከፀሐይ የሚነሳው ነፋስም እየጠረገ ይወስደዋል። ጭራው ያ ነው። ከምንተነፍሰው አየር እጅግ የሳሳ፣ ከእኛም በብዙ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የራቀ። በጠመኔ ስዬ አስተምሬዋለሁ።

የዳገቱ ሰዎች በተጠሩበት ስብሰባ ላይ ካድሬው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይኑን አልነቀለም። ቆሜ «ይመርዛል» አልኩ። እኔ፣ በዚህ አፌ።

ሲያበቃ ጋሼ ይማም የሚባሉ አዛውንት እጄን ይዘው ከሰው ነጠሉኝ።

«መምህር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፤ እውነት ነው?»

ካድሬው ርቆ ነበር፤ አይሰማንም። እዚያች ላይ ከውሸቴ መመለስ እችል ነበር።

«እውነት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ቤታቸውን አፍርሰው ወረዱ። የዳገቱ ሰው ሁሉ ተከተላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ በወባ ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ጋሼ ይማም ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«አላህ ይስጥህ መምህር። ባትነግረን ኖሮ እዚያው ሁላችንም እናልቅ ነበር» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ያን ቀን ማን አስገደደኝ? ካድሬ አልነበረም፣ ፋይልም አልነበረም። ከዚያ በኋላማ እንዴት ልናገር? ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔ ደግሞ ገበያ ውስጥ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

ስብሰባው ላይ የተናገርኩትን ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። ለጋሼ ይማም «እውነት ነው» ማለቴንስ? ለቅሶ ቤት ዝም ማለቴንስ ምን ልለው ነው? ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉትን ሰው እውነቱን ሳልነግራቸው፣ እንደመረቁኝ ቀበርኳቸው።