የፊታውራሪው የሣር ማጨጃ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ቀራንዮ መካኒክ ነበርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜን የሚያፈላው አንድ የሣር ማጨጃ ነው። እዚያው ሰፈር ሰፊ ግቢ የነበራቸው ፊታውራሪ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ከውጭ አስመጡ። ታዲያ ሞተሩ ዐሥር ደቂቃ ይሠራና ቀጥ ይላል። ጠግን ተብዬ ተጠራሁ።

ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ፤ ያው ነው። ፊታውራሪ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው "አንተም እንደ ወልዴ ልታሾፍብኝ ነው?" ይሉኛል። ጋሽ ወልዴ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣሩን በማጭድ ሲያጭድላቸው የኖረ አትክልተኛ ነው። "መኪናው እንጀራዬን ይቀማኛል ብሎ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ጨመረበት" ብለው አባረውታል። እኔ ቤንዚኑን ቀድቼ አይቼዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም። ብናገርም የሚሰማኝ አጣሁ። ንዴቴን ውጬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እንደጠፋ የታንኩን ክዳን ስከፍት አየር ፉሽ ብሎ ገባ። ለካ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በሰም ተደፍናለች። አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። በሽቦ ከፈትኳት፤ ማጨጃው አንዴም ሳይጠፋ ግቢውን ዞሮ ጨረሰ።

"ይህችን ማን ደፈናት?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ፊታውራሪ ረጋ ብለው። "ቤንዚኑ እንዳይተን ብዬ።"

"ታዲያ ጋሽ ወልዴስ?"

ማጨጃው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

"መጥቶ ይቅርታ ከጠየቀኝ እመልሰዋለሁ" አሉኝ።