የማንም ያልሆነው ሸሚዝ

ከሲሬ ተድሬ አሰላ የገባሁ ሰሞን የከበደኝ ብርዱ አልነበረም፤ የባሌ ልብስ ነበር። ባሌ ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል፤ ማታ የሚያወልቀው ሱሪ ብቻውን ሊቆም ምንም አይቀረው። ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወርጄ ድንጋይ ላይ ብደበድበው፣ በእንዶድ ባሸው፣ ቅባቱ ከቦታው አይነቃነቅም። ውኃው ደግሞ ከጭላሎ የሚወርድ ነውና ጣት ያደነዝዛል።

አንድ ቀን እንዲህ ስታገል ጎረቤታችን አዴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰፈር እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ከሳፋቸው አንድ ጣውላ አወጡ። ፊቱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጎድጎድ ከፍ እያለ ተፈልፍሏል።

«ልጄ ነው የሠራልኝ» አሉ። «ፈረንጆች ቤት ዘበኛ ሆኖ አይቶ። ወላሂ፣ ድንጋይ ልብስ ይበላል። ይሄ ግን ቆሻሻውን ብቻ ነው የሚበላ። እንኪ!»

የመጀመሪያ ቀን የበላው የእኔን ጣት ነበር። «ጣትሽን አታስገቢ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በመዳፍሽ ግፊው» እያሉ አለማመዱኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መውረድ ጀመርን። እሳቸው ሲያለቀልቁ እኔ በጣውላው አሻለሁ፤ እኔ ሳለቀልቅ እሳቸው ያሻሉ። ስለ ልጃቸው ግን ብዙ አያወሩም። አሰብ ወደብ ሥራ አለ ብሎ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬውም የለ።

አንድ ቅዳሜ ቤቴ ገብቼ ልብሱን ከሳፋው እያወጣሁ ሳሰጣ የማላውቀው ሸሚዝ አገኘሁ። ነጭ ነው፤ ሰማያዊ መስመር አለው። በደንብ ታጥቧል። አንዱ ቁልፍ ጠፍቶ በሌላ ዓይነት ቁልፍ፣ በቀይ ክር ተተክቷል። ባሌ ማታ ገመዱ ላይ አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዴት እኔ እንጃ? ያጠብሽው አንቺ አይደለሽም?»

ያጠብኩት እኔ አልነበርኩም፤ ግን ከእኔ ሳፋ ነው የወጣው። ምን ልበለው? የቀረውን ልብስ ከገመዱ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሁኔታዬ ለራሴ እንኳ አላማረኝም። እሱም ያን ማታ እራቱን ሳያዋራኝ በላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸሚዙን ይዤ ወረድኩና መጀመሪያ አዴን ጠየቅኳቸው። አዩት፤ አልነኩትም። «አላውቀውም» አሉና ወደ ጣውላቸው አቀረቀሩ። ሌሎቹን ሴቶች ጠየቅኩ። የእኔ ነው ያለች የለችም። ባለቤቱ ይምጣ ብዬ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣሁትና ተመለስኩ። ቤት ስደርስ፣ ተጣጥፎ፣ ሳፋዬ ውስጥ ከልብሱ ሥር አገኘሁት።

አሁንስ ፈራሁ። መተት ይሆን? ወይስ እኔው አንስቼው ረስቼዋለሁ? የሄድኩበትን፣ የተቀመጥኩበትን፣ ያነሳሁትን ሁሉ በሐሳቤ እየደጋገምኩ ብሄድበት መያዣ አጣሁ። ባሌ ደግሞ ሴቶቹን ሁሉ መጠየቄን ሲሰማ ከጥርጣሬው ተገላገለና «በቃ፣ ሸሚዝ ሰው አይበላም» አለ። ለፋሲካ ለበሰው። ልክ ለእሱ የተሰፋ ይመስል ነበር።

በዚያው ቀን አዴ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ባሌን በር ላይ ሲያዩት ቆሙ። «እስቲ ዙር» አሉት። ዞረ። ኮሌታውን አቃኑለት፤ ትከሻውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ማሻ አላህ» ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ። እኔና ባሌ ተያየን።

«የልጃቸው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሞቷል እያለ ሰው ያወራ የለ?»

ታዲያ ለምን እንኩ ብለው አይሰጡንም? ለምን አላውቀውም ይላሉ? ለሁሉም ነገር ወላሂ የሚሉት ሴትዮ፣ ያን ቀን ወላሂ እንዳላሉ ትዝ አለኝ። መጠየቁን ግን አልደፈርኩም።

ዓመት ሞላ። ሸሚዙ አርጅቶ የሥራ ልብስ ሆነ። ንጉሡ ሊወርዱ ነው በሚባልበት ሰሞን አንድ ቀን ባሌ በጠራራ ፀሐይ ሥራውን ትቶ መጣ። ከኋላው አቧራ የለበሰ፣ ደረቱ የሰፋ ጎልማሳ ተከትሎታል። ከጭነት መኪና ወርዶ ባሌን ሲያየው፣ «ወንድሜ፣ ይህን ሸሚዝ ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይዞት ነው። ባሌ ደግሞ «ሚስቴ ከወንዝ አመጣችው» ብሎታል።

«ከወንዝ?» አለኝ ሰውየው። «እኔ እኮ ቤት ነው ሰቅዬው የሄድኩት።»

የአዴ ልጅ መሆኑ ገባኝ። እናትህ ሰጡን ብል፣ ሞቷል ብለው ቆርጠው ነበር ማለት ነው። ሰረቅን ማለትም አይሆንልኝም። «ልብስ ተቀላቅሎብኝ ነው» አልኩ። ባሌን አስወለቅኩትና ሦስታችንም ወደ አዴ ቤት ሄድን።

አዴ ልጃቸውን ሲያዩ ያወጡት ድምፅ እልልታም ለቅሶም አልነበረም። ሲረጋጉ እሱ ሸሚዙን ከእጄ ተቀብሎ ዘረጋው። «አዴ፣ ይሄ የእኔ አይደለም?»

«አላውቀውም» አሉ።

«እንዴ! ይሄን ቁልፍ በቀይ ክር የተከልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ቁልፍ የተከልኩለት ሰው ስንት አለ!» አሉና ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጁ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሌን ገላመጠ። በመጨረሻ ሳቀና ሸሚዙን ለባሌ መለሰለት። «አሁን እንኳ አይበቃኝም» አለ።

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ወንዝ ላይ ብቻችንን ስንሆን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «አዴ፣ ለምን ደበቁኝ?»

አንድ አንሶላ ይዘው ነበር። ጫፉን ሰጡኝና እየጠመዘዝን ሳለ፣ «ሸሚዙ ግድግዳዬ ላይ ሳለ ልጄ አልመጣም» አሉ። «ከቤት ሲወጣ መጣ። ምን ልበልሽ?»

ተስፋ ቆርጠው ነው ያወጡት? ወይስ እንዲመጣላቸው? ሁለቱም ሆኖ ይታየኛል፤ ደግሞ አንዱም አይመስለኝም። «ሌላ ልጠይቅዎት?» አልኳቸው።

«አትጠይቂኝ፤ አጥብቀሽ ያዢ፣ ውኃው አልወጣም» አሉ።