የቅዳሜው ወንበር

ግሌንዳ ፓርፊት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ላይ መስመር ዳኝታለች፤ የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ ግን አንድም ቀን አልደረሳትም። በተረፈው ጊዜ ክሮይደን ውስጥ ፖስታ ታድላለች። የዓመት ፈቃዷን በሙሉ ለዚህ ውድድር ስለምታውለው ባሏ እረፍት የሚባል ነገር ረስቷል። እኔም የመስመር ዳኛ ነኝ። እወዳታለሁ፤ ደግሞም እቀናባታለሁ።

ያን ሐሙስ፣ የሴቶቹ ግማሽ ፍጻሜ ሳይጀመር፣ ዳኞች ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃታት። የቅዳሜውን ፍጻሜ የሚዳኙ ሰዎች ስም ከሻይ ሰዓት በፊት ሊለጠፍ ነው።

«ኧረ ተቀመጪ! ምንጣፉን ጨረስሽው እኮ!» አልኳት።

«ተይኝ ኖሪን፣ ስሜን ሳላይ አልቀመጥም።»

«ዘንድሮ ካልሰጡሽማ መረቡን በጥሼው ነው የምሄደው።»

አልሳቀችም። ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ዓይኔ እየደከመ ነው። የምርመራ ሰሌዳውን ፊደላት ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ለሰው ትነግሪና!» አለችኝ።

ሜዳ ገባን። እሷ የኋላውን መስመር፣ እኔ የጎኑን ያዝን። ኳስ ከወጣች እንጮኻለን፤ ከገባች መዳፋችንን ወደ ሣሩ እንደፋለን። ተጫዋች ጋርዶን ሳናይ ስንቀር ደግሞ ዓይናችንን በእጃችን እንሸፍናለን።

አንደኛዋ ልጅ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት ኳሷ ግሌንዳ ፊት አረፈች። ማንም አልጋረዳትም። ሁለቱም ተጫዋቾች ዞረው አፈጠጡባት። ያኔ የሚፈርድ ማሽን የለ፤ ዝም ብላ ብትገምት ማን ያውቅባታል? «የሆነ ነገር በይ እንጂ!» እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

ዓይኗን ሸፈነች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዋናው ዳኛ ግራ ተጋብቶ ትንሽ አያትና ነጥቡ እንዲደገም አዘዘ።

ስንመለስ ዝርዝሩ ተለጥፏል። የኋላ መስመር፦ ግሌንዳ ፓርፊት። አለቃችን ሚስተር አስኩ አጠገቡ ቆሟል።

«ወይዘሮ ፓርፊት፣ ቅድም ፀሐይዋ ናት አይደል ያስቸገረችዎት?» አላት። ደጉ ሰውዬ መውጫ እየሰጣት ነው።

«ፀሐይ አይደለችም። ዓይኔ ነው፣ አያይም። የቅዳሜውን ወንበር ለኖሪን ስጧት» አለችው።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግሌንዳ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ እኔ ጀርባዋን እየደባበስኩ ቅዳሜ የምለብሰውን ቀሚስ ማታውኑ ልተኩሰው ወይስ ነገ እያልኩ አስብ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።