ትራሴ ውስጥ የተገኘው የአስማተኞች ማዕረግ

ወንድሜ ደሴ ከተማ ተቀምጦ የስልክ ጨዋታ ይሠራል። ታሪኩ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው፤ ድግምት የሚያውቁ ሰዎች አሉበት፤ እሱ ግን ሁሉንም «ማጂሺያን» ብሏቸዋል። ማታ በስልክ ሲነግረኝ ሳቅሁበት።

«አንተዬ፣ በዚያ ዘመን ማን ነው ማጂሺያን የሚል?»

«እንግዲያው አንቺ ማዕረግ አውጪላቸው፤ ተረቱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው» አለኝ።

የምሠራው ዓረብ አገር፣ ሀሩብ የሚባል ተራራ ላይ፣ አንዲት ማዳም ቤት ነው። ስልኬ ቀን ቀን እሷ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ ሰሃን እያጠብኩ ትዝ ያለኝን በወረቀት እጭር ጀመር። ደብተራ። ሞራ ገላጭ። ጠጠር ጣይ። ኮከብ ቆጣሪ። ባለ ዛር። ከሥሩም ለወንድሜ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ጠንቋይ የሚለውን ፊት ለፊት ማንም አይልም። ተጫዋቹ ሲገባ ‹ጌታዬ› ይበለው፤ ከወጣ በኋላ ‹መተተኛ› ይበለው።»

ወረቀቱን አጥፌ አጥፌ ጥፍር የሚያክል አደረግኩትና በክር ጠምጥሜ ትራሴ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ቤት የሚፈለግ ወረቀት የሚቀመጠው እንዲህ ነበር። ቁርጥ ክታብ መምሰሉ አልታየኝም።

ማዳም ሳምንት ሙሉ ራሷን ሲያማት ሰንብቷል። አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ቻርጀር ስትፈልግ ትራሴን ዳበሰችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» የተጠመጠመውን ወረቀት መዝዛ አወጣች። «ሲህር ነው? ራሴን የያዘኝ ይሄ ነው?»

«ወላሂ ማዳም፣ ጨዋታ ነው።»

እዚህ አገር በሲህር፣ በድግምት መጠርጠር ቀላል ነገር አይደለም። ፖሊስ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ መጻፍ አልፈልግም።

ፖሊስ ከመጥራቷ በፊት የሚያነብላት ፈለገች። የጎረቤት ቡና ማሳ ላይ የሚሠራ ሸምገል ያለ የወሎ ሰው አስጠራች። ከሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። ምን ብዬ ልማጸነው? ያየውን እንዳለ ቢያነብላት አለቀልኝ።

ክሩን ፈታ። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«እቱ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ በአማርኛ፣ ቀና ሳይል።

«ለወንድሜ ነው ጋሼ፣ ለስልክ ጨዋታ። በአላህ ይዤዎታለሁ።»

«ዝም በይ።»

ወደ ማዳም ዞሮ በዓረብኛ ቀጠለ። «የጥንት ንጉሥ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ይሄ ጸሐፊ ነው። ይሄ ሥጋ አራጅ። ይሄ ግንበኛ። ይሄኛው ከበሮ መቺ። ወንድሟ ለሥራው ጠይቋት ነው።»

«የእኔ ስም አለበት?»

«የማንም ስም የለበትም።»

ማዳም ትንፋሿ መለስ አለ። ቢሆንም ወረቀቱን ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ውስጥ ጨምራ፣ ቀለሙ እስኪለቅ ቁርኣን ቀራችበት። ከዚያ ውኃውን ውጭ ደፋችና «ኸላስ» አለች። ሰውዬው ሲወጣ በአጠገቤ አልፎ «ሁለተኛ ወረቀት በክር እንዳትጠመጥሚ» አለኝ። ሳቅ ያለበት መሰለኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ፖሊስ አልተጠራም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርባ ሳቀርብ ማዳም ማንኪያውን መጀመሪያ ለእኔ ትዘረጋለች። እቀምሳለሁ፤ እስክውጥ ጉሮሮዬን ታያለች። ራሷን ያመማት ቀን ደግሞ ጓዳ ገብቼ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ቶሎ እንዲሻላት።