የመፈልፈያው ብሎንና መልስ ያልጻፍኩለት ደብዳቤ

ጅማ በነበረ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሰማያዊ ቱታ፣ አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ፣ መዶሻና የውፍረት መለኪያ ካሊፐር አስፈርሞ አስረከበኝ። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስገብተው፣ "ጓድ ደምሴ፣ እዚህ ቤት ሰው የሚመዘነው በዕቅድ ነው። የተመደቡልህን ሠልጣኞች አስተምረህ ታስመርቃለህ። ሌላው የእኔ ሥራ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሌላው የሳቸው መሆኑ እፎይታ ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። በአጋሮና በሊሙ በኩል የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ይከፈቱ ነበርና ለነሱ መካኒክ የምናዘጋጀው እኛ ነን። ማስተማሪያችን አንድ አሮጌ መፈልፈያ ማሽን ነው። ጥርስ ያለው የብረት ዲስክ እየዞረ እሸቱን ቡና ከፊት ለፊቱ ካለው ብረት ጋር ያሸውና ፍሬውን ከገለፈቱ ይለያል። ቁም ነገሩ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከጠበበ ፍሬው ይሰበራል፤ ከሰፋ ሳይፈለፈል ያልፋል። ክፍተቱን የሚያስተካክለው አንድ ብሎን ነው።

"ወደ ቀኝ ይጠባል፣ ወደ ግራ ይሰፋል" እላለሁ። ሠልጣኞቹ በአማርኛ ይደግሙታል፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ ይተራረማሉ።

ከነሱ አንዱ ተማም ነበር። የአጋሮ አካባቢ ልጅ ነው፤ ባለትዳር፣ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ወፍጮ ቤት የሠራ። እጁ ሥራ ያውቃል። አንድ ቀን እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ጣቢያው ያለው ማሽን ሌላ ዓይነት ከሆነስ? እኛ ወፍጮ ቤት አንዱ ሞተር ካንዱ አይገጥምም ነበር።"

"አንተ መጀመሪያ ይሄን እወቅ!" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ።

"ቶሌ ጋሼ፣ እሺ" ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን ሰኮሩ ካለ ጋራዥ ቅሬታ መጣ። ተመራቂዎቻችሁ የናፍጣ ፓምፕ ፈተው መግጠም አይችሉም ይላል። ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ዕቅዳችንን መቶ በመቶ ፈጽመናል ብለን ለበላይ አካል ሪፖርት ልከናል። አሁን ይሄን ወረቀት የት ላድርገው?"

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ በቀጥታ ወደ መሳቢያው ይገባ ጀመር። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ የለመድኩት።

ተማም ተመርቆ አጋሮ አጠገብ አንድ ጣቢያ ተመደበ። በሁለተኛው ዓመት፣ ለቀማ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያው ጣቢያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። አዲስ መፈልፈያ እንደገባላቸው፣ አሠራሩ ከቀድሞው የተለየ እንደሚመስል፣ አሰልጣኝ መጥቶ እንዲያሳያቸው ይጠይቃል። ቆሜ አነበብኩት። ለመሄድ መኪና መጠየቅ አለብኝ። መኪና ከጠየቅሁ ሥራ አስኪያጁ ለምን ይሉኛል። ማሽኑን ደግሞ እኔም አላውቀውም። መሳቢያውን ከፍቼ አስገባሁት።

ኅዳር ላይ ሥራው ሲጋጋል፣ ገበሬው ቡናውን በጆንያ ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ ተማም ፍሬው እየተሰበረ ሲወጣ አየ። ማሽኑን አቁሞ ክፍተቱን ለማስፋት ብሎኑን ወደ ግራ አዞረ። እንዳስተማርኩት ማለት ነው። በአዲሱ ማሽን ግን ወደ ግራ ማዞር ያጠብባል። እንደገና አስነስቶ ስብራቱ ሲብስበት፣ አቁሞ አሁንም ወደ ግራ ጨመረበት። ሲያስነሳው ዲስኩ ከብረቱ ተላተመ፤ ጥርሱ ረገፈ፣ የሚዞርበት ዘንግ ታጠፈ። ቀዩ ቡና ሜዳ ላይ ተቆልሎ ሻገተ።

በዚያ ዘመን ለተሰበረ ማሽን አንድ ስም ነበረው፤ አሻጥር። ተማምን ፖሊስ ወሰደው።

ባለቤቱ ዘይነባ ልጅ አዝላ ማሰልጠኛው በር ድረስ መጣች። አማርኛዋ የተቆራረጠ ነው።

"ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ጋሼ ደምሴ ያውቃል፣ እሱ ይናገርልኛል ይላል ተማም።"

"እናያለን" አልኳት።

"አላህ ይስጥልኝ" ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። የተማምን ጉዳይ የያዘው የምርመራ ኮሚቴ፣ ግለሰቡ በመፈልፈያ ማሽን ላይ ሠልጥኗል ወይ ብሎ ጽፎ ነበር። መልሱ ተተይቦ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ "የተሟላ ሥልጠና ወስዷል" ይላል።

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ በዚያኛው ማሽን አልሠለጠነም እኮ" አልኩ።

"የትኛው ማሽን ብለው ጠየቁን? አልጠየቁንም። ፈርም።"

ፈረምኩ። የተጻፈው ቃል ውሸት አልነበረም። ተማም ሰባት ወር ታሰረ። ሲወጣ ሥራው አልተመለሰለትም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ የመጋዝ ምላጭ ሲገዛ አገኘሁት። ከስቷል። እኔ ልሸሸው ስል እሱ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ። "ያኔ አሰልጣኝ ይላክልን የሚለውን ደብዳቤ የጣቢያውን ኃላፊ ለምኜ ያስጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ማሽኑን ሳየው ፈርቼው ነበር። ደርሶዎት ነበር እንዴ?"

እስከዚያች ሰዓት ደብዳቤውን የጣቢያው ኃላፊ በራሱ ያስጻፈው ነበር የሚመስለኝ።

"አልደረሰኝም" አልኩት።

"እኔም ብያለሁ። ቢደርስዎትማ አይቀሩም ነበር። ለዘይነባም እንደሱ ነው ያልኳት።" ምላጩን በጋዜጣ አስጠቅልሎ ተሰናበተኝ። ዳግመኛ አላየሁትም።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ መካኒክ አስመርቄያለሁ፤ ሁሉንም ብሎን ማዞር አስተምሬያለሁ። ለእናንተ ዛሬ በአሰልጣኝነት ላላችሁት የምለው አንድ ነገር ነው። ሠልጣኝ ሲጠይቅ መልሱለት፤ ከሥራ ቦታ ደብዳቤ ሲመጣም መልስ ጻፉ። የምታውቁት ነገር ከሌለ "አላውቅም፣ አትንኩት" ብላችሁ ጻፉ። ለተማም እሱ ብቻ ይበቃው ነበር።