ለኢንተርቪው ብዬ የገደልኩት አጎት

ባለፈው ሐሙስ... አጎቴን ገደልኩት።

አትደንግጡ፣ አጎትየው የለም። እማዬ ወንድም የላትም። ውጭ አገር ለአንድ ዓመት የሚያስተምር ስኮላርሺፕ አመልክቼ ቦሌ ለኢንተርቪው ተጠርቼ ነበር፤ ቢሮ ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ እውነቱን መናገር አልፈለግኩም። አምና ለሌላ ስኮላርሺፕ ሳመለክት ለሁሉም አውርቼ፣ ሳይሳካ ሲቀር ስንት ወር ሙሉ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ሲሉኝ ከረሙ። እማዬ ያን ጊዜ የተናደደችው በመውደቄ ሳይሆን በአፌ ነው። «ዘንድሮ ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ተለጥፎ በዓይኔ እስካየው ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብላኛለች።

እናም ረቡዕ ከሰዓት አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ጋ ገባሁ። «ደሴ ያለው የእናቴ ወንድም አርፎ ነው... ነገ ከእሷ ጋር ልዋል» አልኳቸው። ደሴን የመረጥኩት ሩቅ ስለሆነ ነው፤ ቀብር እንሂድ የሚል አይኖርም ብዬ። ሚስትም ልጅም የሌለው ብቸኛ ሰው ነበር አልኳቸው። አባት የሞተባቸው ልጆች አብሬ መፍጠር ከበደኝ። ጋሽ ወርቁ ከወንበራቸው ተነስተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጄ» ሲሉኝ አፈርኩ፤ ግን ወጣሁ።

ኢንተርቪው ላይ ስልክ አስጠፉን። ተራዬ ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ከጠየቁኝ ሁሉ የማልረሳው አንዲት ሴትዮ የጠየቀችኝን ነው... «ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ምን ይመልስሻል?»

ለእሱ ያጠናሁት ነበረኝ። አገሬን ላገለግል፣ ዕውቀቴን ላካፍል... አንበለበልኩት። ሴትየዋ አንድ ነገር ጻፈችና ቀና ሳትል አመሰገነችኝ።

ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ከእማዬ አሥራ አንድ ሚስኮል። ስደውል አታነሳም። ታክሲው በየፌርማታው ሰው ሊጭን ሲቆም ወርጄ በእግሬ መሮጥ አምሮኝ ነበር፤ ሰፈራችን የካ አባዶ በእግር የሚደረስበት ቢሆን።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ በራችን ክፍት ነው። ሳሎን ውስጥ የቢሮዬ ሰዎች፣ ሰባት ሆነው፣ ጥቁር ለብሰው ተደርድረዋል። ቤታችንን የምታውቀው ሄለን መርታቸው በምሳ ሰዓት ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ እኔን ሳያዩ አንሄድም ብለው ቁጭ። በሩ ሥር ጋሽ ወርቁ ተሸክመው ያወጡት ሁለት እሽግ ውሃ። እማዬ መሃል ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

እንዳየችኝ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሰዎቹም «አይዞዎት፣ አይዞዎት» አሉ። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ለቅሶው የእውነት ነበር።

በኋላ ነገረችኝ። በሩ ተንኳኩቶ ስትከፍት የቢሮዬ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ስልኬ ዝግ ነው። መርዶ ይዘው የመጡ መሰላት... የእኔን መርዶ። ሄለን «ስለ ወንድምዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት» እስክትላት ድረስ፣ ለእማዬ እኔ ሞቼ ነበር። ወንድም የሚለውን ስትሰማ ነገሩ ገባትና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀመጠች። ልጇን አላጋለጠችም።

እኔ አጠገቧ ከተቀመጥኩ በኋላ ጋሽ ወርቁ ሊያጽናኗት ብለው «ልጆች ነበሯቸው?» አሏት።

«አራት» አለች እማዬ፣ ዕንባዋን እየጠረገች። «ትንሹ ገና ሰባት ዓመቱ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ከዚያ ብርጭቋቸውን አንስተው ውሃቸውን ጠጡ።

ትናንት ኢሜይል መጣልኝ። አልፌያለሁ። ከመሥሪያ ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ በአምስት ቀን ውስጥ ላኪ ይላል። ፈራሚው ማን ነው? ጋሽ ወርቁ።

ሌላ ሰው ልግደል እንዳልል ቤተሰብ እያለቀብኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ጽፌ ይዤ ገብቼ፣ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። የአንድ ዓመቱ ትምህርት በዚያ ፊርማ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ፤ እንቢ ቢሉኝም የምፈርድባቸው አልነበርኩም።

«አራት ልጅ ያለው ላጤ» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን አነበቡና ፈረሙ። ወረቀቱን ግን ቶሎ አልለቀቁልኝም።

«የከፋኝ ውሸቱ አይደለም» አሉኝ። «ኀዘን አለብኝ ስትዪን አራት ፎቅ ወጣንልሽ። ደስታሽን ብትነግሪን ምን እናደርግሻለን ብለሽ ነው?»

ይቅርታ እንኳ ያልኳቸው በር ላይ ደርሼ ነው። ደረጃውን ስወርድ ያቺ ሴትዮ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ... ምን ይመልስሻል? አሁን ብትጠይቀኝ ሳላጠና እነግራት ነበር። ምሳውን ትቶ፣ የማያውቀውን ሰው ሊያለቅስልኝ፣ ውሃ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው አለኝ እላት ነበር።

እማዬ አሁንም «ትንፍሽ እንዳትይ» እያለች ነው። ቪዛው ገና አልተለጠፈም... እኔ ግን ይኸው፣ ደስታዬን ነገርኳችሁ።